ነፍጥ በውሰት፣ ዋስ በመሐላ

ሠርገኛው ከገሳይ በላይ ያለውን ዳገት ሲያጋምስ ሙሽራው ደሳለኝ በበቅሎው ላይ እንዳለ ዘወር አለ። ከኋላው በእግር የሚከተለው አንደኛ ሚዜው ዘውገ እንደገና ጠርቶት ነበር።

«አፈሙዙን ቀና አድርገው፤ ቁጥቋጦው ይፍቀዋል።»

«ቀና ነው እኮ።»

«ከዚህ ሆኖ ለሚያየው ቀና አይደለም። ማንገቻውንም አታላላው። እሱ ወገብ ላይ መንጠልጠል አይወድም።»

ደሳለኝ ማንገቻውን በነጭ ኩታው ላይ ሳብ አድርጎ ረዥሙን ምንሽር ከትከሻው ላይ አቀናው። ዘውገ ግን አልረካም። ልጁ እንደ ታመመበት አባት ዐይኑን ከነፍጡ ሳይነቅል፣ የሚረግጠውን ድንጋይ ሳያይ ይወጣል። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሲነሣ መጀመሪያ የተመለከተው የተላጠ ጉልበቱን ሳይሆን ምንሽሩን ነበር።

መሪጌታ ሀብተማርያም በቅሏቸውን ከሁለቱ ጎን እየነዱ ይህን ሁሉ ሰሙ። በጣራ ገዳም ተምረው፣ በገሳይ አጥቢያ የቅኔ ጉባኤ ዘርግተው ሃያ ዓመት ያስተማሩ፣ ከብራና ጋር ሲታገል የኖረ ዐይናቸው የደከመ፣ ቀልድ ሲሰሙ ግን ጎረምሳ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ዛሬ ሳቃቸውን በጭራቸው ጀርባ ሸሸጉት። እሱም ቢሆን ከጉሮሯቸው አላለፈም፤ ደረታቸውን ሌላ ነገር ሞልቶት ነበርና።

ቀኑስ ሊሳቅበት የተገባ ቀን ነበር። ወሩ ጥር፣ ዘመኑ ሠላሳ ሦስት ነው። ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ዘግቶ ከሽቦው ወዲህ እግሩን ማውጣት ከፈራ ሰንብቷል፤ ገጠሩን አርበኛ ይዞታል። ንጉሡ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ገቡ የሚለው ወሬ ከገበያ ወደ ገበያ እየዘለለ ደጋው ድረስ ወጥቷል። አራት ዓመት ሙሉ ልጁን በሹክሹክታ ሲድር የኖረ አገር፣ ዘንድሮ ከበሮውን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ በፀሐይ አሙቆ፣ ጉና ራሱ እስኪሰማው ይመታው ጀምሯል። ሴቶቹ ከፊት ያዜማሉ፣ ወንዶቹ ከኋላ ይፎክራሉ፤ ገብሱ የታጨደለት ማሳ ሁሉ የጭፈራ ሜዳ ሆኖላቸዋል።

መሪጌታን የከበዳቸው ያ ምንሽር ነበር። ምንሽሩ የዘውገ ነው፤ ደሳለኝ የያዘው በውሰት ነው፤ የውሰቱም ዋስ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከሙሽራዋ አባት ነው። ግራዝማች አለሙ ልጃቸውን ብዙነሽን የሚጠይቅ ሁሉ እንዲያውቀው ብለው በገብርኤል ደጅ ምለው ነበር፤ «ትከሻው ባዶ ለሆነ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው። የደሳለኝ ትከሻ ባዶ ነው። አራቱን ዓመት ከአርበኞች ሳይለይ ስንቅ አግዟል፣ ቁስለኛ ተሸክሟል፣ በጎራዴ ተዋግቷል፤ ነፍጥ ግን አልደረሰውም። ብዙነሽ ደግሞ ከምንጭ ስትመለስ በእሱ ማሳ በኩል መዞር ከጀመረች ሁለት ክረምት አልፏል፤ በዚያ በኩል መንገዱ ሩቅ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

በውሰት ነፍጥ ማግባት እንግዲህ ነውር ብቻ አልነበረም፤ ከነውሩ የሚከፋ ሕግ ነበረበት። በዚያ ሰሞን አንዱ ጠመንጃ ሰኞ በአጎት፣ ረቡዕ በእኅት ልጅ ትከሻ ላይ ሆኖ ለቆጠራ እየቀረበ፣ መቶ ነፍጥ አለኝ ያለ አለቃ በውጊያ ቀን ስድሳ ሲያገኝ፣ የአካባቢው የአርበኞች መሪ ፊታውራሪ ማሩ ተቆጥተው ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁም፦ ነፍጥ ያለ ዋስ አይዋስ፤ የተዋሰ ሰው «የማን ነው?» ተብሎ በሰው ፊት ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር፤ «የኔ ነው» ያለ እንደሆነ ነፍጡ ከባለቤቱ ተወርሶ ለጦር ሰፈሩ ይሁን፤ የዋሱም ቃል ከዚያ ወዲያ በአደባባይ አይሰማ፤ የሚል ነበር። ቃሉን ያስተካከሉት፣ በብራና የጻፉትም መሪጌታ ነበሩ። ሲጽፉት እጅግ አምሮባቸው ነበር። ሰው የሚያምረውን ገመድ ሲገምድ ለማን አንገት እንደሚሆን አይጠይቅም።

ደሳለኝን ማንም ካልጠየቀው ሠርጉ በሰላም ያልፋል። የጠየቀው ካለ ግን ወይ ሚስቱን፣ ወይ የወዳጁን ነፍጥና የመምህሩን ቃል ያጣል። መሪጌታ ዳገቱን የሚወጡት ይህን እያሰቡ ነበር።

በዚያ አገር ነፍጥ መዋስ ሚስት ከመለመን ይከብዳል። ነፍጥ ለመዋስ በገበያ ቀን አይኬድም፤ ሰው ምግብ ላይ ሳለ አይኬድም፤ ተዋሹ ራሱ አይናገርም። ባለቤቱም ሦስት ጊዜ እንቢ ሳይል መስጠት አይገባውም፤ ፈጥኖ የሰጠ እንደሆነ ነፍጡን የናቀ ይመስልበታል። ከአምስት ቀን በፊት መሪጌታ ደሳለኝን አስከትለው ወደ ዘውገ ቤት የሄዱት ይህን ሥርዐት ጠብቀው ነው። ስለ ከብቱ ጠየቁ፤ ውርጭ ስለመታው ባቄላ አዘኑ፤ ከዚያ መሪጌታ ጭራቸውን አስቀመጡ።

«ዘውገ፣ ከዕቃህ አንድ ነገር ፈልገን ነው።»

«ሞፈር ነው የኔታ?»

«አይደለም።»

«የበሬ ጥማድ?»

«አይደለም።»

ዘውገ ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ምንሽር ሰርቆ አየ። «የኔታ፣ ከዚህ በላይ ባይሄዱብኝ።»

«በኅዳሩ ውጊያ እግርህ ሲመታ ተሸክሞ ያወጣህ ማን ነበር?»

«ደሳለኝ።»

«እስከ የት?»

«እስከ ጉና ወገብ።»

«እንግዲያስ ነፍስህን ያዳነ ሰው…»

«ነፍሴን ይጠይቀኝ የኔታ፤ አሁኑኑ እሰጠዋለሁ። እሷ የእግዜር ናት፤ እኔ ጠባቂዋ ነኝ። ይህ ግን የኔ ነው።»

ሚስቱ ዓለሚቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። «እኔን ቢለምኑት ኖሮ ይኼኔ አስረክቧቸው ስንቅ እያስቋጠረኝ ነበር።»

«አንቺ ዝገት አታውቂም» አላት ዘውገ። «ነፍጥ ውጭ አድሮ አይመለስም፤ ከተመለሰም ጠባዩ ተበላሽቶ ነው። አይሆንም።»

ደሳለኝ እስከዚያ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ተነሥቶ ዱላውን አነሣ። «በል እንግዲህ ወንድሜ፣ አልከፋኝም። ቅር ብሎህ ከምትሰጠኝ ብትከለክለኝ ይሻለኛል» ብሎ ወደ በሩ አቀና።

«ተቀመጥ» አለው ዘውገ ተቆጥቶ። «ወዴት ነው የምትሄደው? ሦስተኛዋን እንቢታዬን መች ተናገርሁና? ነውር አታውቅም እንዴ?»

ደሳለኝ ተቀመጠ። ዘውገ ሦስተኛዋን እንቢታ በሚገባ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረና ምንሽሩን አወረደ። ጥይቱን አራገፈ፤ አፈሙዙን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሰደፉን ወደ ወዳጁ አድርጎ በሁለት እጁ ዘረጋለት። ደሳለኝም በሁለት እጁ ተቀብሎ ሰደፉን በግንባሩ ነካው። ጥይቶቹ ለብቻቸው፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሰጡ። የመመለሻው ቀን ከሠርጉ በኋላ ስምንተኛው ቀን እንዲሆን ተቆረጠ። መሪጌታ «ዋሱ እኔ ነኝ» ብለው ማሉ። ዘውገ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ «እኔ አንደኛ ሚዜ እሆናለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ከነፍጤ እንዳልለይ ነው።»

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመሪጌታ ደረት ይችለው ነበር። በማግሥቱ ግን ግራዝማች አለሙ ራሳቸው፣ እኒያ የማሉት ሰው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ካለው ጽድ ሥር ቆመው ጠበቋቸው። ባርኖሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበዋል።

«የኔታ፣ የምነግርዎት እዚሁ ከጽዱ ሥር ይቅር።»

«ይቅር።»

«ጣልያን እንደ ገባ ቀብሬዋለሁ ያልሁት ጠመንጃ አልተቀበረም። በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ደብረ ታቦር ወሰድሁት። አንድ ነጭ ልጅ፣ ጢም እንኳ ያላወጣ፣ ተቀብሎኝ ወረቀት ሰጠኝ።» ሽማግሌው ባርኖሳቸውን ይበልጥ ሳብ አደረጉ። «አሁን ልጄን ልድር ነው። አገር ዳሴ ይገባል። ከጀርባዬ አንድ ነፍጥ ካልተሰቀለ ምን ይሉኛል? የአጎቴ ልጅ ሚስት፣ የአንበሳሜዋ ወይዘሮ አመተማርያም የሟች ባሏን ውጅግራ ልታውሰኝ ተስማምታለች። ዋስ ግን ትፈልጋለች።»

መሪጌታ እምቢ እንዳይሉ ምክንያቱን ሊጠየቁ ነው፤ ምክንያቱን እንዳይናገሩ የደሳለኝ ምስጢር ነው። ስለዚህ ማሉ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ሁለት ባዶ ትከሻ በሁለት የውሰት ነፍጥ ተሸፋፍኖ በአንድ ዳስ ሊገናኝ እንደሆነ፣ ይህንንም በሰማይ ሥር የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር ሌላ እንደሌለ አሰቡ። ብዙ መጻሕፍት አንብበዋል። እንዲህ ያለ ነገር ለገጠመው ሰው መላ የሚሰጥ አንድም አላስታወሱም።

ሠርገኛው በረፋዱ ላይ ከግራዝማች ግቢ በር ደረሰ። በሩን የሙሽራዋ እኅቶችና ጓደኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘግተውታል፤ ወጉ ነው። ከበሮው ጋለ። ልጃገረዶቹ ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ እያዩ ይተርቡት ጀመር። በቅሎው ውሰት ናት አሉ፤ እውነት ስለነበረ ማንም አልተቆጣም። ከዚያ አንዷ፣ ረዘም ያለችው፣ ምንሽሩን በዐይኗ ለካችው።

«እሱስ ምንድን ነው? ምርኩዝ ነው?»

«ተዪው፤ ዳገቱ ከብዶት ይሆናል» አለች ሌላዋ።

«ከእንጨት የተጠረበ ነው። አናጢው ጎበዝ ነው።»

ደሳለኝ ሳቀ። መሪጌታ «አትተኩስ፤ ጠጅህን ጠጥተህ ሙሽራህን ይዘህ ተመለስ» ብለው ከመንገድ ጀምሮ አስጠንቅቀውት ስለነበር ስድቡን ዋጠው። ሊውጠው ያልቻለው ዘውገ ነበር። ፊቱ ደም ለበሰ።

«ተኩስ» አለው በሹክሹክታ።

«የኔታ አትተኩስ ብለውኛል።»

«የኔታ ቅኔ ይወቁ። በአምላክ ስም፣ ዱላ ነው ተብሎ ሲሰደብ እያየህ ዝም ትላለህ? ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ተኩስ ብዬሃለሁ።»

ደሳለኝ አፈሙዙን ወደ ጉና ጫፍ አቅንቶ ተኮሰ። ምንሽሩ እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ ከጩኸቱ በኋላም ቀጭን ፉጨት ተከተለ፤ ከአፈሙዙ ጫፍ ትንሽ ስባሪ ስለነበረው ነው። ልጃገረዶቹ እጃቸውን ለቀው ተበታተኑ፤ በሩ ተከፈተ፤ እልልታው ቀለጠ። ዘውገ እንደ ራስ ተኩራርቶ ገባ።

ዳሱ በጅባ ምንጣፍና በቅጠል ተጎዝጉዟል። ግራዝማች አለሙ በከፍታው መደብ ላይ፣ ከጀርባቸው ባለው ባላ ላይ የወይዘሮ አመተማርያም ውጅግራ ተሰቅሎ፣ ጥቁር ካባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ አመተማርያም ከሴቶቹ ረድፍ መጀመሪያ ላይ ናቸው፤ ዋንጫቸው እንደ ተሞላ ከፊታቸው ቆሟል። የሙሽራዋ እናት መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ብዙነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ናት።

ሙሽራው ገብቶ ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ግራዝማች እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ» አሉ። «ዝም በሉ እስቲ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።»

መሪጌታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«መጀመሪያ ይጮኻል፤ ከዚያ ያፏጫል» አሉ ግራዝማች፣ ፊታቸው እንደ ሕፃን እየበራ። ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «ጠመንጃን በድምፁ ካላወቅሁት አለሙ አልባልም። በኅዳር የጣልያንን መኪና በገሳይ መንገድ ያስቆመው ይህ ነው። ጎማው ሲፈነዳ እኔ ከዚህ ከደጃፌ ቆሜ እሰማ ነበር። ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳቱም» አለ እንግዳው ሁሉ።

«እንዴት ያለ ነፍጥ ነው እባካችሁ። ልጄ፣ ለመሆኑ ይህ ነፍጥ የማን ነው?»

መሪጌታ ሽማግሌውን ያውቋቸዋልና በተንኮል እንዳልጠየቁ ተረዱ። ጠመንጃ የሚወድ ሰው ደስ ብሎት፣ ጆሮው ኮርቶበት የጠየቀው ነው። ቃሉ ግን ከአፍ ወጥቷል፤ ሰዉም ሰምቷል። ግራዝማችም ያሉትን ከተናገሩ በኋላ ሰሙት መሰል፣ የፊታቸው ብርሃን ቀስ እያለ ከሰመ።

ደሳለኝ ቀና አለ። አጠገቡ የቆመው ዘውገ መሬቱን ያያል። መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «የኔ ነው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል፤ ሁለቱም ቃላት አጫጭር ናቸው።

«የዘውገ ነው፣ አባቴ» አለ ደሳለኝ። «በውሰት ይዤዋለሁ። ዋሴም የኔታ ናቸው።»

ጠላ የሚቀዳው ሰው ጋኑን እንዳዘነበለ ቀረ።

«እንግዲያስ ትከሻህ…» አሉ ግራዝማች።

«ባዶ ነው።»

ግራዝማች ካባቸውን ከፊትና ከኋላ ሰበሰቡ። ሙሽራውን የጠሉት አይመስሉም፤ የታሰሩ ይመስላሉ። «በገብርኤል ምያለሁ ልጄ» አሉ በዝቅታ። «ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ምን ላድርግ?»

መሪጌታ ሁለቱን አፈራርቀው አዩ። አንድ ቃል ቢናገሩ ደሳለኝን ያድኑታል፤ ያቺ ቃል ግን ከጽዱ ሥር እንድትቀር የተስማሙባት የግራዝማች ምስጢር ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ነገርን በነገር ሲፈቱ የኖሩ ሰው፣ በገዛ እጃቸው በጻፉት ዐዋጅና በገዛ አፋቸው በገቡት ቃል መካከል እንደ ሾላ ፍሬ ተጨፍልቀው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ዘውገ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደና ኩታውን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ይፍቀዱልኝ።»

«ጠይቅ።»

«ከማለዳ ጀምሮ ነፍጤን ሳይ ስለዋልሁ ሠርገኛው ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር። ይሳቁ። ግን ከገባሁ ጀምሮ አንድ እንደኔ የሚያይ ሰው አይቻለሁ። እሜቴ አመተማርያም ዋንጫቸውን አልነኩም፤ ሙሽራውን አላዩትም፤ ዐይናቸው ከዚያ ከእርስዎ ጀርባ ከተሰቀለው ውጅግራ አልተነቀለም። ሰው ጠልቼ አይደለም ጌታዬ፤ የባለቤት ዐይን ስለማውቅ ነው። ዐዋጁ ለሁላችንም ነው። ያ ውጅግራ የማን ነው?»

ዳሱ ውስጥ የነበረው ራስ ሁሉ ወደ ውጅግራው፣ ከውጅግራው ወደ ወይዘሮዋ ዞረ። ወይዘሮ አመተማርያም ዐይናቸውን አነሡና ወዲያው ወደ ጭናቸው መለሱት። ሽማግሌውን በዐይናቸው እንኳ እንዳያስገድዱ ብለው ያደረጉት መሆኑን መሪጌታ አዩ፤ ግራዝማችም አዩ።

ግራዝማች ተነሡ። ለብዙዎች የተቆጡ መሰሏቸው። ከዚያ ውጅግራውን ከባላው አወረዱና በሁለት እጃቸው፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ያዙት።

«የወይዘሮ አመተማርያም ነው» አሉ። «በውሰት ይዤዋለሁ። ዋሴም…» ወደ መሪጌታ ዞረው አዩ፤ ድምፃቸው መካከል ላይ ሳቅና ኀፍረት ተጋፋ። «ዋሴም እኒሁ ሰውዬ ናቸው።»

«ሁለታችሁንም?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ሁለታችንንም። ቀብሬዋለሁ ያልኋችሁ የኔው ጠመንጃ አልተቀበረም፤ ደብረ ታቦር ወስጄ አስረክቤዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ 'መቼ ታወጣዋለህ?' ስትሉኝ 'ጊዜው አልደረሰም' ስላችሁ ኖሬአለሁ። ትከሻዬ ባዶ ነው። እንግዲህ የምትስቁትን ሳቁ።»

ማንም አልሳቀም፤ ለሽማግሌው ኀፍረት ሲሉ ሁሉም አቀረቀረ። መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ አመተማርያም ነበሩ። ሳቁ እንደ ምንጭ ውኃ ከውስጣቸው ፈልቶ ወጣ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሊያቆሙት ሞከሩ፤ አልቆመም።

«ይቅር ይበሉኝ ግራዝማች» አሉ። «ከማለዳ ጀምሮ ጠላ እንኳ አልወረደልኝም። ያ ባላ ይሰበርና ይወድቅብኛል እያልሁ ስጠብቀው ዋልሁ።»

«እኔም እሜቴ» አለ ዘውገ ከልቡ። «ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄአለሁ።»

«አይቼሃለሁ ልጄ። ስትገባ አይቼህ፣ 'ይህም ነፍጥ ያዋሰ ሰው ነው' ብያለሁ።»

ያን ጊዜ ዳሱ ተናወጠ። ጋኑን አዘንብሎ የቀረው ሰው ጠላውን በእግሩ ላይ ማፍሰሱን ያኔ አወቀ። ግራዝማች ራሳቸው ከመደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ካባቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። መሪጌታ ሳቃቸውን የሚደብቁበት ጭራ ፈልገው አጡት።

ሳቁ ሲበርድ የሙሽራዋ እናት ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ወጡ።

«ልጄ ንገሪልኝ ብላኛለች» አሉ። «ነፍጡን ለባለቤቱ መልሱለት፤ ሰውየውን ግን እኔ እወስደዋለሁ ትላለች።»

«መሐላዬስ?» አሉ ግራዝማች ወደ መሪጌታ ዞረው።

መሪጌታ ተነሡ። ከአምስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃላቸው ሳይከብዳቸው ወጣ። «ግራዝማች፣ ይህ ልጅ 'የኔ ነው' ቢል ኖሮ ሚስት ያገኝ ነበር፤ የወዳጁን ነፍጥ ግን ያስወርስ ነበር። እርስዎም 'የኔ ነው' ቢሉ ክብርዎን ያተርፉ ነበር፤ የመበለቲቱን ነፍጥ ግን ያስወርሱ ነበር። ሁለታችሁም የራሳችሁን አጥታችሁ የሰው አደራ መለሳችሁ። ዐማቻ የሚፈልጉ ከሆነ ከዚህ ወዲያ የሚመስልዎት አያገኙም። የመሐላው ነገር በጾም ነው፤ ንስሐ አባትዎ ሱባኤ ያዝዙዎታል።»

«ጾሙ ከመልሱ በኋላ ይሁን» አሉ የሙሽራዋ እናት። «ሰባት በግ ታርዷል።»

ደሳለኝ ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ፣ ሰደፉን አስቀድሞ ለዘውገ ዘረጋ። ዘውገ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«ስምንት ቀን ተባብለናል። ከቀኑ በፊት ባለቤቱ አይቀበልም። በሰው ፊት ልታሳፍረኝ ትፈልጋለህ?»

ወይዘሮ አመተማርያም ደግሞ ከመቀነታቸው ውስጥ አንድ ትልቅ፣ የደበዘዘ ጥይት አውጥተው ለግራዝማች ሰጡ። «ሙሽራው ተኩሷል፤ የሙሽራ አባት መመለስ አለበት» አሉ። ሁለቱም ወደ ደጅ ወጡ። ውጅግራው እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ነጎደ፤ ምንሽሩ ጮኾ አፏጨ፤ ጉና ሁለቱንም መለሰላቸው። ብዙነሽ ያን ጊዜ መጋረጃውን በገዛ እጇ ገልጣ ወጣች፤ ደንቡ አልነበረም፤ ማንም ግን አልከለከላት።

ከሰዓት በኋላ፣ ጭፈራው ሲደምቅ፣ ግራዝማች ዐማቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው በትልቁ እያጎረሱት ነበር።

«ከመልሱ በኋላ» አሉት፣ «አንተና እኔ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ እንወርዳለን። ለምሽጉ ስንቅ የሚያመጡ መኪኖች አልፎ አልፎ በዚያ ያልፋሉ። ያ ጢም የሌለው ልጅ የኔን ወስዷል፤ ላንተም የሚሆን አያጣም።»

«ደስ ይለኛል አባቴ። ግን በምን ነፍጥ?»

ግራዝማች ማኘክ አቆሙ። ወይዘሮ አመተማርያምን አዩ። ወይዘሮዋ ዘውገን አዩ። ዘውገ የጎረሰውን ሳይውጥ ምንሽሩን ወደ ራሱ ጠጋ አደረገ። ከዚያ አራቱም፣ አንድ ሰው እንዳዘዛቸው ሁሉ፣ ወደ መሪጌታ ሀብተማርያም ዞሩ።

«እኔን አትዩኝ» አሉ መሪጌታ። «እኔ ዛሬ የሁለት ነፍጥ ዋስትና ተሸክሜ ጉናን የወጣሁ ሰው ነኝ። በቅሎዬ እንኳ ታዝባኛለች። ከእንግዲህ ስለ ነፍጥ የሚማልበት ቦታ አልገኝም።» የቀረበላቸውን ሥጋ በዝግታ ቆረጡ፤ በአዋዜ ነከሩ፤ ጎረሱ። አራቱ ሰዎች ይጠብቃሉ። መሪጌታ ዋጡና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «ለመቼ ነው የምትፈልጉት?»